ጆሮና ሥርዓት

ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ፣ የኢትዮጵያን አፈር ተሸክሞ ወደ ሱዳን ሜዳ የሚወርደው ዓባይ ከነጩ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት በካርቱም፣ ከወንዙ በስተ ሰሜን ካርቱም ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ በ1950 አንድ ሱዳናዊ ሐኪም የነርቭ ሕመምተኞች የሚታዩበት ክሊኒክ ከፈቱ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በ1911 በነጩ ዓባይ ዳር በምትገኘው በአል ከዋ ተወልደው፣ በካርቱም ኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት በ1935 ተመርቀው፣ ኋላም የአእምሮ ሕመምን ሕክምና በእንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱት እኒህ ሰው ዶክተር ቲጃኒ አል ማሒ ነበሩ።

በዚያ ዘመን በካርቱምና በኦምዱርማን፣ በገዚራም መንደሮች ሁሉ፣ መንፈሱ የተጨነቀ ወይም አእምሮው የታወከ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ቁርኣን ቀርቶ ወደሚያክመው ወደ ፈኪው ነበር፤ ብዙ ሴቶችም ከበሮና ዕጣን ወዳለበት ወደ ዛር ቤት ይሄዱ ነበር። ከባሕር ማዶ ትምህርት ይዞ የመጣ ሐኪም ይህን ሁሉ ድንቁርና ብሎ ቢንቀው የዘመኑ ልማድ ስለ ነበረ ማንም ባልተደነቀ ነበር። ዶክተር ቲጃኒ ግን የአገራቸውን ሕዝብ እምነትና ልማድ በአክብሮት አጠኑ፤ ከባህል ሐኪሞችና ከሼኾች ጋርም በመተባበር ሠሩ፤ ሕመምተኛው ስለ ገዛ ሕመሙ የሚያምነውን ነገር ያላወቀ ሐኪም ሊረዳው እንደማይችል በትምህርታቸውም በሥራቸውም አስረዱ። የአፍሪካ የአእምሮ ሕክምና አባት እየተባሉ የሚጠሩት ስለዚህ ነው። በ1970 ካረፉ በኋላ በኦምዱርማን ያለው የአእምሮ ሆስፒታል በስማቸው ሲጠራ፣ በካርቱም ባሕሪ ያለው ደግሞ ሥራውን ተከትለው ባስፋፉት በዶክተር ጣሃ ባዕሸር ስም ተሰየመ።

የኒህን ሰው ሥራ በመግቢያዬ ላይ ማንሣቴ፣ ዛሬ በታላላቆቹ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚመረመረውን አንድ ጥያቄ እርሳቸው በዓባይ ዳር ሆነው አስቀድመው ስለ ነኩት ነው። ጥያቄውም እንዲህ የሚል ነው፤ ሊቃውንት ሳይኮቴራፒ የሚሉት የንግግር ሕክምና፣ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ በቃል ብቻ ከድብርትና ከጭንቀት፣ ከክፉ ትዝታም የሚፈወስበት ጥበብ፣ የሚሠራው በምን ኃይል ነው? የእኛ አገር ሰው የልቡን ለነፍስ አባቱ የሚነግር፣ ጠቡን በሽማግሌ ፊት የሚያፈስ፣ ኀዘኑን በጎረቤት ቡና ላይ የሚያቀልል ስለሆነ፣ ቃል እንደሚያድን ከማንም በፊት ያውቃል። ምስጢረ ንስሐን ከሐኪም ሥራ ጋር አንድ ማድረጌ አይደለም፤ የአንዱ ሥልጣን ከሌላው ሥልጣን የተለየ ነውና። ነገር ግን ቃል ማዳኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እንዴት እንደሚያድን መመርመር ደግሞ ሌላ ነው።

ምርመራው የተጀመረው በክርክር ነበር። በ1952 በለንደን ይሠሩ የነበሩት የሥነ ልቡና ሊቅ ሐንስ አይዘንክ ከ7,000 በላይ ሕመምተኞችን የሚመለከቱ 24 ጥናቶችን መርምረው፣ ከነዚህ ሰዎች ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ሕክምናው ቢደረግላቸውም ባይደረግላቸውም በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ይሻላቸዋልና የንግግር ሕክምና መጥቀሙ አልተረጋገጠም ብለው ጻፉ። ይህ ቃል በባለሙያዎቹ ዘንድ ታላቅ ቁጣ ቢያስነሣም ፍሬው መልካም ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ሕክምና ጠቃሚ ነው ለማለት፣ ሕክምናውን ያገኙትን ሰዎች ካላገኙት ጋር በሚዛን ማስተያየት ግድ እየሆነ መጣ። በ1977 ሜሪ ሊ ስሚዝና ጂን ግላስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እንዲህ ያሉትን 375 ጥናቶች በአንድነት ደምረው ባሰሉ ጊዜ፣ ሕክምናውን ካገኙት መካከለኛው ሰው ሕክምና ካላገኙት ከመቶ ሰዎች ከ75ቱ ይልቅ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የአይዘንክ ጥርጣሬ በቁጥር መልስ አገኘ ማለት ነው።

መልሱ ግን ሌላ እንቆቅልሽ ወለደ። የንግግር ሕክምና ብዙ ወገን አለው፤ አንዱ የልጅነትን ትዝታ ይመረምራል፣ አንዱ የተጣመመ ሐሳብን ያቃናል፣ አንዱ ልማድን ጥቂት በጥቂት ያስለውጣል፤ እያንዳንዱም የእኔ ይበልጣል ይላል። በሚዛን ሲቀመጡ ግን ልዩነታቸው ከተፎካካሪዎቹ ጩኸት እጅግ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ሳውል ሮዘንዝዋይግ የተባለ ሊቅ ይህን ገና በ1936 ገምቶ፣ በእንግሊዞች የልጆች ተረት ውስጥ ዶዶ የሚባለው ወፍ ከሩጫው በኋላ ለሁሉም ሽልማት እንደ ፈረደ ያስታውስና፣ ምናልባት የሚፈውሰው ሁሉም በጋራ የያዙት ነገር ይሆናል ብሎ ነበር።

ያ የጋራ ነገር ምን እንደሆነ በሰፊው የተነተኑት በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጄሮም ፍራንክ ናቸው። ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ወደ ሐኪም የሚመጡትን ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ተስፋ መቁረጥ እንደሆነ፣ ሕመምተኛ የሚፈወስበት መንገድም፣ በዘመናዊ ሐኪም ቤት ይሁን በባህል ሐኪም ጓሮ፣ አራት ምሰሶዎች እንዳሉት ገለጹ። የመጀመሪያው ሕመምተኛው የሚያምነውና ልቡን የሚከፍትለት ሰው ነው፤ ሁለተኛው ለፈውስ ተብሎ የተለየ፣ ከዕለት ሁከት የራቀ ስፍራ ነው፤ ሦስተኛው ሕመሙ ከምን እንደመጣና በምን እንደሚለቅ የሚያስረዳ፣ ሕመምተኛውም የሚቀበለው ትርጓሜ ነው፤ አራተኛው ሁለቱም በአንድነት የሚፈጽሙት ሥርዓት ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ ዶክተር ቲጃኒ ያልናቁት የሱዳን ልማድ ምሥጢሩ ይገለጣል። የዛርን ልማድ ጎንደርም ካርቱምም በአንድ ስም ይጠሩታል። በሰሜን ሱዳን መንደር ተቀምጠው ያጠኑት ካናዳዊቷ ጃኒስ ቦዲ በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደተረኩት፣ በዚያ አገር ሴቶች ዘንድ ከሚታወቁት የመናፍስት ወገኖች አንዱ «ሐበሽ» የሚባለው የኢትዮጵያውያን ወገን ነው፤ የሁለቱ አገሮች ጉርብትና እስከዚህ ድረስ የጠለቀ ነው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ያልፈቀዱትን ይህን ልማድ ለማወደስ አይደለም የማነሣው። ነገር ግን ባሏ የከፋባት ወይም ልጆቿ የሞቱባት፣ በአደባባይ ብሶቷን መናገር ነውር የሆነባት ሴት፣ በዚያ ቤት የምታምናቸውን ሴቶች፣ ከቤቷ የተለየ ስፍራ፣ ለመከራዋ ስም፣ ከበሮና ዕጣን ያለበት ሥርዓትም ታገኝ እንደነበር ስናስተውል፣ አራቱም ምሰሶዎች ቆመው እናያቸዋለን። ቁም ነገሩም ሊቃውንት የፈውስን መዋቅር ሕዝቡ ከሚያከብረው ነገር ለይተው ማየት እንደሌለባቸው ነው።

ሆኖም ምሰሶ ሁሉ ቤት አይሆንም። ሕመምተኛን በሰንሰለት የሚያስር፣ የሚገርፍ፣ በረኀብ የሚቀጣ የፈውስ ስፍራ በሱዳንም በኢትዮጵያም እንዳለ የማያውቅ የለም፤ የሚጥል በሽታና ብርቱ የአእምሮ መታወክም መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ሕመሞች ናቸው። የሐኪሞችንና የባህል ፈዋሾችን ትብብር በሚዛን ላይ ያስቀመጠው ጥናት በናይጄሪያና በጋና ተደርጎ በ2020 ታትሟል፤ የጤና ሠራተኞች ወደ ባህልና ወደ ሃይማኖት ፈዋሾች ስፍራ እየሄዱ መድኃኒት እየሰጡ በኅብረት በሠሩበት ቦታ፣ ሕመምተኞቹ ከሌሎቹ ይልቅ በግልጥ ተሽሏቸው ተገኙ። ከሰባ ዓመት በፊት በካርቱም ባሕሪ የታሰበው መንገድ ይኸው ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምሰሶ፣ ወደ ሰውየው እንመለስ። ኤድዋርድ ቦርዲን የተባሉ አሜሪካዊ በ1979 እንዳስረዱት፣ በሐኪምና በታካሚ መካከል የሚኖረው ኪዳን ሦስት ነገር ይይዛል፤ ወዴት እንደሚሄዱ መስማማት፣ በምን መንገድ እንደሚሄዱ መስማማት፣ በመካከላቸውም መተማመን። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ከ30,000 በላይ ሕመምተኞችን የያዙ 295 ምርምሮችን ደምሮ፣ ይህ ኪዳን የጠነከረላቸው ሰዎች ፈውሳቸውም እንደሚበልጥ፣ ከውጤቱ ልዩነትም ከመቶ 8 እጅ ያህሉ ከኪዳኑ ጋር የተያያዘ እንደሆነ አሳየ። ቁጥሩ ያነሰ ቢመስልም፣ የሰውን ልብ ከሚያውኩት ምክንያቶች ብዛት አንጻር ሲታይ ትልቅ ነው፤ ከሁሉም በላይ በየአገሩና በየሕክምናው ዓይነት ሳይጠፋ ይገኛል።

እንግዲያስ ደግ ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ነውን? እዚህ ላይ ከሱዳን ስደተኞች የተገኘው ማስረጃ ያስጠነቅቀናል። ከሱዳን የርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው በሰሜን ኡጋንዳ ኢምቬፒ በተባለ ሰፈር ይኖሩ የነበሩ፣ በክፉ ትዝታ የሚሠቃዩ 43 ሰዎችን፣ በጀርመን ከኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፍራንክ ኖይነርና ጓደኞቻቸው በሦስት ከፈሏቸው። አንደኞቹ ስለ ሕመሙ ምክርና ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው፤ ሁለተኞቹ በርኅራኄ የሚያዳምጣቸውና የሚያጽናናቸው አማካሪ አገኙ፤ ሦስተኞቹ ግን የሕይወት ታሪካቸውን ከልደት እስከ ዛሬ በተራ እንዲተርኩ፣ ከሚሸሹት ቀን ላይ ሲደርሱም ሳይዘሉት፣ ያዩትንና የሰሙትን፣ ሰውነታቸውም የተሰማውን እየተናገሩ ከዳር እስከ ዳር እንዲያልፉት በሥርዓት ተመሩ። በዚህ ሕክምና ገመድ በመሬት ላይ ይዘረጋና የመከራው ቀን በድንጋይ፣ የደስታው ቀን በአበባ ይመሰላል፤ ሰውየውም መከራው ያለፈ ዘመን ታሪክ እንጂ የዛሬ ሌሊት ጠላት እንዳልሆነ ያያል። በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃቸው ከሦስተኞቹ ከመቶ 29 ብቻ ሲሆኑ፣ ርኅራኄን ብቻ ካገኙት ከመቶ 79፣ ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ከመቶ 80 ነበሩ። የተፈተኑት ሰዎች ጥቂቶች ቢሆኑም ትምህርቱ ብርቱ ነው፤ ጆሮ በሩን ይከፍታል፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ግን ሥርዓት ነው።

ይህን ሥርዓት ለመምራት ደግሞ የረጅም ዘመን ትምህርት የግድ አያስፈልግም። የዚምባብዌው ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 ጀምሮ በሐራሬ በሠሩት ሥራ፣ በየጤና ጣቢያው ቅጥር ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው፣ በሰፈሩ የሚከበሩ አሮጊቶችን ችግርን ለይቶ አንድ በአንድ የመፍታትን ሥርዓት አስተማሩ። አሮጊቶቹም የጎብኚዎቻቸውን ሕመም በባዕድ ስም አልጠሩትም፤ በሾና ቋንቋ «ሐሳብ ማብዛት» በሚለው፣ የእኛም ሰው «ሐሳብ ገደለኝ» በሚልበት አነጋገር ጠሩት እንጂ። 573 ሰዎች በተፈተኑበትና በ2016 በታተመው ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት ያልለቀቃቸው አሮጊቶቹን ካገኙት ከመቶ 14 ያህል ሲሆኑ፣ የተለመደውን እርዳታ ብቻ ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህል ነበሩ።

ይህ ጥበብ እጅግ የሚያስፈልገው ሕመሙ በየቦታው ተሸሽጎ ስላለ ነው። በ1980 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት፣ ከሱዳን፣ ከኮሎምቢያ፣ ከሕንድና ከፊሊፒንስ ወደ ተራ ጤና ጣቢያ የመጡ 1,624 ሕመምተኞችን መርምሮ፣ ከመቶ 14 ያህሉ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው አገኘ። አብዛኞቹ ግን የመጡት ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ አቅም አጣሁ እያሉ ነበር፤ የጤና ሠራተኞቹም የለዩት ሲሶውን ብቻ ነበር።

ሐኪሙ ጥቂት፣ ሕመምተኛው እልፍ በሆነበት ዓለም፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አዲስ ጥበብ ሁለት ሥራ ይዞ መጥቷል። አንደኛው ሥራው መመርመር ነው። በንግግር ሕክምና ጊዜ በዝግ ቤት ውስጥ የሚባለው ቃል እልፍ አእላፋት ስለሆነ ሰው ሁሉንም አንብቦ ሊመዝነው አይችልም። በብሪታንያ ግን ሐኪምና ታካሚ በኢንተርኔት በጽሑፍ የተነጋገሩበት፣ ከ14,000 በላይ ሕመምተኞችን የያዘ፣ 90,000 ሰዓት ያህል የሚሆን ውይይት ስሙ ተሠውሮ ለኮምፒውተር ተሰጥቶ፣ ማሽኑ እያንዳንዱን ቃል በየወገኑ ከለየ በኋላ፣ የትኛው ንግግር ከፈውስ ጋር እንደሚሄድ ተሰላ። በ2020 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ሐኪሙ ሐሳብንና ልማድን በሚለውጠው ሥራ ላይ ብዙ በቆየ ቁጥር የሕመምተኛው መሻል ይጨምራል፤ ከሕክምናው ውጪ የሆነ ወሬ በበዛ ቁጥር ግን ይቀንሳል። አብሮ መገኘት ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ከኢምቬፒ ከተገኘው ትምህርት ጋር ይስማማል።

ሁለተኛው ሥራው ራሱ መናገር ነው። በ1966 በአሜሪካ ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሠሩት «ኤላይዛ» የተባለ ፕሮግራም የሰውን ቃል ወደ ጥያቄ እየለወጠ ከመመለስ በቀር ምንም የማያውቅ ሲሆን፣ የገዛ ጸሐፊያቸው ከርሱ ጋር ብቻዋን ለመነጋገር ከክፍሉ እንዲወጡላት በጠየቀቻቸው ጊዜ ፈጣሪው ደነገጡ፤ ቀሪውንም ዕድሜያቸውን ሰዎችን በማስጠንቀቅ አሳለፉ። ሰው የሚያዳምጠውን ምን ያህል እንደተጠማ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አይገኝም። በ2016 ደግሞ «ከሪም» የተባለ በዓረብኛ የሚናገር ፕሮግራም በሊባኖስ ላሉ የሶርያ ስደተኞች ተሞከረ። በማርች 2025 በአሜሪካ የዳርትመዝ ሊቃውንት 210 ሰዎችን የፈተኑበትን «ቴራቦት» የተባለውን ፕሮግራም ውጤት ሲያሳትሙ፣ የተጠቀሙበት ድብርተኞች የሕመም ምልክት በአማካይ በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ፣ ከማሽኑም ጋር ያላቸውን መተማመን ከሰው ሐኪም ጋር ከሚኖረው ጋር የሚስተካከል አድርገው እንደመዘኑት ገለጹ። ነገር ግን የተነጻጸሩት ምንም ሳያገኙ ተራ ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር ነበር፤ ከማሽኑም በስተጀርባ ንግግሩን የሚከታተሉ ባለሙያዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ጥበቃ በላላበት ቦታ ምን እንደሚሆን በ2023 ታይቷል፤ በአመጋገብ መታወክ ለተያዙ ሰዎች የተዘጋጀ «ቴሳ» የተባለ ፕሮግራም፣ ከዚያው ሕመም ማዳን ሲገባው ክብደት የመቀነስን ምክር ሲሰጥ ተገኝቶ ተዘጋ።

በእኔ እምነት ፍርዱ እንዲህ ሊሆን ይገባል። ማሽን ሥርዓትን ሊይዝ ይችላል፤ አይደክምም፣ ሌሊት አይተኛም፣ ቃሉን አይረሳም። ኪዳን ግን ከመተማመን ስሜት በላይ ነው፤ ኪዳን የገባ ሰው ለገባው ቃል ይጠየቅበታል። አሮጊቷ በሚቀጥለው ሳምንት ያ ሰው ካልመጣ ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች፤ ራሱን ሊያጠፋ እንዳሰበ ከሰማች አብራው ትቀመጣለች፤ ምስጢሩን ብታወጣ በሰፈሩ ታፍራለች። የሚያፍር፣ የሚጠየቅ፣ ነገም የሚፈልግህ ሰው ከበስተጀርባው የሌለው ማሽን፣ ጆሮም ሥርዓትም ቢመስል፣ ዋስ የለውም። የቋንቋም ነገር አለ። «ሆዴ ባሰኝ» የሚል ኢትዮጵያዊ ስለ አንጀቱ እንዳልተናገረ፣ «ልቤ ተሰበረ» ያለም የልብ ሐኪም እንደማይሻ፣ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ላይ ያደገ ማሽን በራሱ አያውቅም፤ ለሱዳን ዓረብኛም ለአማርኛም በሕዝቡ መካከል የኖሩ ሐኪሞች ካላስተማሩት ዶክተር ቲጃኒ ያስጠነቀቁትን ስሕተት በአዲስ መሣሪያ ይደግመዋል።

ይህን የምጽፈው ካርቱም እጅግ በቈሰለችበት ዘመን ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በከተማዋ የተለኰሰው ጦርነት ሚሊዮኖችን ከቤታቸው አፈናቅሏል፤ ሐኪም ቤቶችን ዘግቷል፤ በካርቱም ለብዙ ዘመን በስደት የኖሩ ወገኖቻችንንም ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር በገላባትና በመተማ በኩል አሰድዷል። በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ ሰፈሮች ሰፍረው የነበሩት ሱዳናውያን ያዩትን እሳት በልባቸው ይዘው ነው የመጡት። ከእህልና ከድንኳን ጋር፣ ትዝታውን ከዳር እስከ ዳር የሚያሻግር የሠለጠነ አዳማጭ እንደሚያስፈልጋቸው በኢምቬፒ የነበሩት የአገራቸው ሰዎች አስቀድመው መስክረውላቸዋል። ዓረብኛ የሚያውቁ፣ በካርቱም የኖሩ ኢትዮጵያውያንም በዚህ ሥራ ቢሠለጥኑ፣ ትናንት በስደት የተቀበለቻቸውን አገር ውለታ ለመመለስ ከዚህ የሚበልጥ መንገድ የለም።

የራሱን ወይም የዘመዱን ሕመም ይዞ አማካሪ ለሚሻ አንባቢም ከዚህ ሁሉ ምርምር ሦስት መመዘኛ ይተርፈዋል። የሚያክምህ ሰው ወዴት እንደምትሄዱ ከአንተ ጋር ተስማምቷልን? ከማጽናናት አልፎ በየጊዜው የምትሠሩትን ሥራ ያሳይሃልን? ካልተሻለህስ ጠይቆህ መንገዱን ለመለወጥ፣ ወይም ለሌላ ሐኪም ለማሳየት ፈቃደኛ ነውን?

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለዋል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በታማሚው ላይ የጣለ ይመስላል። በጤና ጣቢያው በር ራሴን አመመኝ ያሉት ሱዳናውያን ሕመማቸውን የደበቁት ሊናገሩት ስላልፈለጉ ብቻ አይደለም፤ ቢናገሩትም የሚያውቀው፣ ይዞም የሚመራቸው ሰው በዚያ ስላልነበረ ነው። ዶክተር ቲጃኒ አል ማሒ በካርቱም ባሕሪ በር የከፈቱት ለነዚህ ሰዎች ነበር፤ ሕመሙን እንዳይደብቅ ታማሚውን ከመምከር አስቀድሞ፣ የሚነገርበትን ስፍራ ማዘጋጀት የእኛ የጤነኞቹ ዕዳ ነው።